ጥራጊ የጠራጊ ነው

ሰው ሲጠረጥረኝ ደሜ ይፈላል፤ እኔ ግን የማልጠረጥረው ሰው የለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሙት ከእኔው ስሙት ብዬ ነው።

ሳጉሬ ላይ የገበሬዎች ማኅበራችንን የማዳበሪያ መጋዘን ቁልፍ ከያዝኩ አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። ከእኔ በፊት የነበረው ሰውዬ ደግ ነበር። ጫኙንም፣ ዘበኛውንም፣ ሹፌሩንም «ወንድሜ» እያለ ያምን ነበር። አንድ ዓመት በሰኔ ወር ዘጠኝ ኩንታል ዩሪያ ጎደለ፤ ወንድሞቹ ሁሉ ፊታቸውን አዞሩና እሱ ብቻውን ታሰረ። ቁልፉን የተረከብኩ ቀን ለራሴ የነገርኩት አንድ ነገር ነው፦ ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር።

ስለዚህ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጋዘኑ ሲዘጋ የሚወጣ ሰው ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ እጁን ይዘረጋል። እኔም ኪሱን፣ ጉያውን፣ የቦት ጫማውን አፍ እዳብሳለሁ። ጠራጊዋ ማሚቱ እንኳ አትቀርም። ማሚቱ እኔ ከመምጣቴ በፊት ጀምሮ መጋዘኑን ስትጠርግ የኖረች፣ አማርኛዋ ከኦሮምኛዋ ጋር የተቀየጠ፣ ዝምተኛ ሴት ናት። አሥራ አራት ዓመት ዳበስኳት፤ አንዲት ፍሬ አላገኘሁባትም። አለማግኘቴ ግን አላጽናናኝም። «የት ትደብቀው ይሆን?» ነበር የምለው።

በእኛ ዘንድ ጥራጊ የጠራጊ ነው። ከጆንያ የፈሰሰ፣ ወለል የነካ ማዳበሪያ ለገበሬ አይታደልም። የጠረገችው ትወስደዋለች፤ ለጓሮ ጎመናቸውና ለድንቻቸው ለሚፈልጉት ሴቶች በጣሳ እየሰፈረች ትሸጠዋለች። ልማዱን እኔ አላመጣሁትም፤ ላጠፋውም አልቻልኩም። ከሁለት ዓመት በፊት ግን፣ ዩሪያ እንደ መድኃኒት በጠፋበት ወቅት፣ የዩሪያው ጥራጊ በዛብኝ። ጫኞቹ ከማሚቱ ጋር ተሻርከው ጆንያውን በመንጠቆ እየቀደዱ ነው አልኩ። ማስረጃ አልነበረኝም፤ መላ ግን ነበረኝ። በመጋዘኑ ግራ በኩል ነጩ ዩሪያ፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ገበሬው ዛሬም ዳፕ የሚለው ግራጫው ማዳበሪያ ተደርድሯል። ማሚቱን ጠርቼ «ከዛሬ ጀምሮ ሁለቱን ለየብቻ አትጥረጊ፤ አንድ ላይ ደባልቂው» አልኳት። የተደባለቀውን ንጹሕ ዩሪያ ነው ብሎ ማን ይገዛል? ለጎመን እንደሆነ ያው ነው።

ማሚቱ መጥረጊያዋን ይዛ ትንሽ አሰበች። «አዴ አፀደ፣ አንዴ ከተደባለቀ አይለይም እኮ» አለችኝ።

«እንዳይለይ ነው» አልኳት። በብልሃቴ ኮርቼ ያን ቀን ቤቴ በጊዜ ገባሁ።

አሁን ወደ አሰግድ ልምጣ። አሰግድ የሲሬ ልጅ ነው። ጥር ላይ ማኅበሩ አዲስ የጭነት መኪና ሲያመጣ አብሯት የተቀጠረ ሹፌር ነው። መኪናዋ የወንበሯ ላስቲክ እንኳ ሳይነሳ ስለመጣች ጫኞቹ «ሙሽሪት» ብለዋታል። ሰኔ አጋማሽ ላይ አንድ እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች ደጄ ላይ መጥተው ቆሙ። ፊት የቆመው ጋሽ ዘርትሁን ነው፤ ስንዴ አምራች ገበሬ፣ የማኅበራችን የቁጥጥር ኮሚቴ ሰብሳቢ። ተቀመጡ ብላቸው አንቀመጥም አሉ፤ ነገሩ ገባኝ። ልጄን የምስራችን ለአሰግድ ሊጠይቁ ነው የመጡት። የምስራች እዚሁ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ታስተምራለች። አባቷ ከሞተ ወዲህ ያለኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።

ወጉ እንደሚለው «አጣርተን እንነግራችኋለን፤ በሳምንቱ ተመለሱ» አልኩ። ሌላው ሰው ይህን የሚለው ለወግ ነው። እኔ ያልኩት ላጣራ ነው።

ማጣራቱንም በነጋታው ጀመርኩ። ሰኞ ጠዋት ሙሽሪት ልትጭን ስትመጣ አሰግድ ከጋቢና ወርዶ «እንደምን አደሩ፣ እትዬ አፀደ» ብሎ ጎንበስ አለ። እኔ ፊቱን ሳይሆን እግሩን አየሁ። የሱሪው እጥፋት ውስጥ ሦስት ነጭ ፍሬዎች አሉ። ዩሪያ። ጆንያ የሚሸከመው ጫኝ ነው፤ ሹፌር ጆንያ አይነካም። ከየት አመጣኸው ብዬ ግን አልጠየቅኩትም። የሚጠይቅ ሰው ሌባን ያስጠነቅቃል።

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ሁሉም ሲበተን እኔ በመጋዘኑ የኋላ መስኮት አጮልቄ ቆየሁ። ማሚቱ የምታርፍባት ትንሽ ደሳሳ ቤት ከግቢው ጓሮ ናት። አሰግድ ከደጃፏ ተቀምጦ፣ ሰፌድ ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ምስር እንደሚለቅም ሰው አጎንብሷል። ሙሉ ሰው፣ መንጃ ፈቃድ ያለው ሹፌር፣ ሰፌድ ይዞ! ነጩን ወዲህ፣ ግራጫውን ወዲያ። ማሚቱ አጠገቡ ቆማ ዙሪያውን ትቃኛለች። ለካ እኔ የደባለቅኩትን ተቀምጠው ይለቅሙታል! ጆንያውን ይቀድዳሉ፣ ጥራጊ ነው ይላሉ፣ ይለቅማሉ፣ ከዚያ ንጹሕ ዩሪያ ብለው ይሸጣሉ።

ረቡዕ ደግሞ ነገሩ ተደመደመልኝ። ዝናቡ ፋታ ሰጥቶ የቀትሩ ፀሐይ አናት ይበሳ ነበር። ሙሽሪት ግቢው ውስጥ ቆማለች፤ አሰግድ ቢሮ ገብቷል። የጋቢናዋን በር ከፈትኩ፤ የውስጡ ሙቀት ፊቴን መታኝ። ከወንበሩ ሥር ቢጫ ጀሪካን አለ። ነካሁት። ቀዝቃዛ ነው፤ ላዩ ላይ ወርዝቷል። በማዳበሪያ ሥራ የኖረ ሰው ይህን ያውቃል፤ ዩሪያ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ውሃውን ያቀዘቅዘዋል። በበጋ ዩሪያ በበጠበጡበት ባልዲ ውስጥ ለስላሳ የሚያቀዘቅዙ ጫኞች አይቻለሁ፤ ለባከነው ዩሪያም ቀጥቻቸዋለሁ። ክዳኑን ፈትቼ ጣቴን ነክሬ ቀመስኩት። ምላስ የሚቆነጥጥ፣ ምርር ያለ ነገር። ራሱ ነው።

ዩሪያ በውሃ አሟሙቶም ማሾለክ ይቻላል ማለት ነው! አሥራ አራት ዓመት ኪስ ስዳብስ ይህ አንድ ቀን ብልጭ አላለልኝም። እውነቱን ልናገር፤ ተናደድኩም፣ ደስም አለኝ።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ፊሊጶስ ጋ ገብቼ ነገርኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። «ተይው፣ ወይዘሮ አፀደ፤ እኔ አነጋግረዋለሁ» አለና ወረቀቶቹን ያገላብጥ ጀመር። እሱንም ጠረጠርኩት። ስለዚህ እሱን አልፌ ለቁጥጥር ኮሚቴው በጽሑፍ አመለከትኩ፦ «ሹፌር አሰግድ የማኅበሩን ዩሪያ በውሃ እያሟሟ እንደሚያወጣ በዓይኔ አይቻለሁ።» ፈረምኩበት። ማኅተም ቢኖረኝ እመታበት ነበር።

ጋሽ ዘርትሁን ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። «ለዚሁ ልጅ ሽማግሌ ሆኜ ደጅሽ ከቆምኩ ሦስት ቀን ነው፤ አፀደ» አለኝ።

«አጣራለሁ ብዬህ የለ? እያጣራሁ ነው» አልኩት።

ለየምስራች ምንም አልነገርኳትም። ልቧ የሄደ ሰው ምስጢር አይቋጥርም።

ሐሙስ ሙሽሪት መቶ ኩንታል ዩሪያ ጭና ወደ ላይኞቹ የደጋ ቀበሌዎች ስትወጣ ዳገቱ መሃል ላይ ጉልበት ከዳት። በሹፌሩ ፊት የማስጠንቀቂያ መብራቶቿ ተራ በተራ በሩ፤ እንደ ታመመ በሬ ጥቂት ተሳበችና ቆመች። የጭላሎ ተራራ ከላይ እስከ ታች ደመና ለብሶ ዝናቡን ይለቀው ነበር። ገበሬዎቹ የዘር ቀን ሊያልፍባቸው ነውና መኪናዋ እስክትጠገን አልጠበቁም፤ በጋሪና በአህያ እየመጡ ድርሻቸውን ከሸራው ሥር ወሰዱ። እኔም በሚኒባስ ደርሼ፣ ጃንጥላ ይዤ፣ ጭቃ ውስጥ ቆሜ ቆጠርኩ። አንድ ጆንያ አልጎደለም። ይህ እንኳ ጥርጣሬዬን አላበረደውም፤ ሌባ ሲጠነቀቅ ነው የባሰ ሌባ የሚሆነው አልኩ።

መኪናዋ ተጎትታ ግቢ ገባች። አመሻሹ ላይ ወሬው ደረሰኝ፦ ኮሚቴው ቅዳሜ ይሰበሰባል፤ አሰግድ ዩሪያ ሰርቋል፣ መኪናዋንም አበላሽቷል ተብሎ ከሥራ ተባሮ ለፖሊስ ሊሰጥ ነው። የክሱ መነሻ የእኔ ወረቀት ነው።

ቤት ስገባ የምስራች የፈተና ወረቀት ታርም ነበር። ቀዩን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እማዬ፣ ወረቀቱን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ሌባ አማች አልፈልግም።»

«አልሰረቀም። ዩሪያውን የምትጠጣው መኪናዋ ናት።»

ሳቄን ለቀቅኩት። «ስንዴ ናት እንዴ?»

አልሳቀችም። ተማሪዋ የሆንኩ ይመስል ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች። «ስሚኝ። የናፍጣ ጭስ ውስጥ ናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚባል፣ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ አለ። በእንዲህ ያለው አዲስ መኪና ጭሱ ከመውጣቱ በፊት ካታሊስት በሚባል ዕቃ ውስጥ ያልፋል። ከውጭ ስታዪው በርሜል ነው፤ ውስጡ ግን እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ ሸክላ ነው፤ ሸክላው ማዕድን ተቀብቷል። ጭሱ ላይ የዩሪያ ውሃ ይረጫል። ዩሪያው በሙቀቱ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያውና መርዙ ማዕድኑ ላይ ሲገናኙ ተራ አየርና እንፋሎት ሆነው ይወጣሉ።»

«ማዕድኑስ?»

«ማዕድኑ አያልቅም። እንደ ሽማግሌ በይው፤ ሁለቱን ያስማማል እንጂ እሱ ከሁለቱም አይደለም።»

ሽማግሌ ስትል ዓይኗን ወደ እስክሪብቶዋ መለሰች። ከዚያ ቀሪውን አፈሰሰችው። ፈሳሹ ታሽጎ ከአዳማ ነበር የሚመጣው። ከሚያዝያ ወዲህ አቶ ፊሊጶስ አላመጣም፤ በተጠየቀ ቁጥር «እንደ ምንም አብቃቃው» ይላል። ፈሳሹ ሲያልቅ ደግሞ መኪናዋ በራሷ ጊዜ ጉልበቷን ትቀንሳለች። አሰግድ ገበሬው ዘሩን ይዞ እየጠበቀ ምን ላድርግ ብሎ ሲጨነቅ «ያው ዩሪያና ውሃ ነው፤ እዚሁ ይሠራል» ያለችው የምስራች ናት። ልኩንም በወረቀት ጽፋ ሰጥታዋለች።

«ኬሚስትሪ አስተምራለሁ ብዬ ነው እማዬ» አለች። ዓይኗ ሞላ። «መኪናዋን የገደልኳት እኔ ነኝ።»

«ዩሪያውንስ ከየት አመጣው?»

«ከጆንያ አልነካም። ከማሚቱ ጥራጊ ይገዛል። ነጩን ይለቅማል፣ ያሟሟል፣ በነጠላ ያጠልላል።»

«ንጹሕ ከሆነ ለምን ይደበቃል?»

«አንቺን ፈርቶ ነዋ!»

«ወይስ በአንቺ ቀሚስ ሊከለል?»

ፊቷ ቀላ። «እሱ ስሜን እንኳ አላነሳም። መምህርነትሽን ያሳጡሻል፣ ኮሚቴው ፊት እንዳትመጪ ብሎ ለምኖኛል። አንቺ ግን...» አለችና ተነሳች። «ሌባ እናት...» ብላ ጀምራ ዋጠችው።

ቀሪውን ማን ያጣዋል? ሌባ እናት ልጇን አታምንም ነው። አሥራ አራት ዓመት አንዲት ፍሬ ያልነካሁትን ሴትዮ! የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ያቺ ቃል ዛሬም ትጠዘጥዘኛለች። የባሰው ደግሞ፣ እንዲያ ብላኝም እንኳ አላመንኳትም። የሷም ቢሆን ሳላይ አላምንም አልኩ።

አርብ ለማየት ሄድኩ። ከአሰላ አክመል የሚባል መካኒክ መጥቶ ሙሽሪት ሥር ተጋድሟል። አሰግድ ከመኪናዋ ርቆ ግንብ ተደግፎ ቆሟል። ሲያየኝ እንደ ወትሮው ጎንበስ ብሎ «እንደምን አደሩ» አለኝ። ወረቀቱን ማን እንደጻፈው ያውቃል፤ ግን ጎንበስ አለ። በደንብ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አክመል በርሜሉን አውርዶ ፊቱን ወደ ብርሃን አዞረው። የምስራች እንዳለችው ነው፤ የማር እንጀራ። ቀዳዳዎቹ ግን በግራጫ ቅርፊት ተደፍነዋል። ከቅርፊቱ በጩቤ ፍቆ ቁራጭ ላሜራ ላይ አደረገና እሳት ለቀቀበት። ነጩ ጨሰ፤ ከፈረስ ጋጣ የሚወጣውን ዓይነት አፍንጫ የሚሰነጥቅ ሽታ ሸተተ፤ ከዚያ ጠፋ። ግራጫው ግን እዚያው ቀረ።

«አያችሁ?» አለ አክመል። «የእርሻ ዩሪያ ለዚህ አይሆንም፤ ውሎ አድሮ ይጎዳዋል፣ ስንቱን አይቻለሁ። ግን ዩሪያ ብቻ ቢሆን፣ ወላሂ፣ አብዛኛውን በሙቀት አስለቅቄ አስነሳት ነበር። ይሄኛው ዳፕ ነው። ፎስፈረሱ ማዕድኑ ላይ ተለጥፎ ገድሎታል። ከእንግዲህ ምንም ብትረጭበት አይሠራም።»

«ዳፑን እኮ ለቅሜ ነው የማወጣው» አለ አሰግድ ከግንቡ ሥር።

«ፍሬውን ለቀምክ፤ ዱቄቱንስ? ነጩ ፍሬ ዱቄቱን ለብሶ ነው የገባው። ነጠላ ዱቄት የሟሟበትን ውሃ አያጠራም፣ ወንድሜ።» አክመል ላሜራውን ጣለና እጁን ጠረገ። «ለመሆኑ ሁለት ማዳበሪያ አንድ ላይ የሚደባልቅ ጅል ማነው?»

ማሚቱ መጥረጊያዋን ይዛ ቆማ ነበር። አየችኝ፤ ከዚያ መሬት አየች። አሰግድም አየኝ፤ እሱም መሬት አየ። ሁለቱም ትንፍሽ አላሉም። እኔ፣ ምላሴ እግር ያላት አፀደ፣ እኔም ትንፍሽ አላልኩም።

ያን ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ማሚቱ በሩ ላይ ቆማ እጇን ዘረጋች። ዳበስኳት። ለምን ብላችሁ አትጠይቁኝ።

ቅዳሜ ኮሚቴው ሦስት ሰዓት ላይ ተሰበሰበ። ገበሬዎቹ፣ ጫኞቹ፣ ዘበኛው፣ ማሚቱም በግድግዳው ጥግ ተደርድረዋል። አቶ ፊሊጶስ ክራባት አስሮ መጥቷል። «ፈሳሹ እስኪመጣ ጠብቅ ነው ያልኩት፤ ይህን ያደረገው በራሱ ፈቃድ ነው» አለ። ዓይኑን ግን ከጠረጴዛው አላነሳም። ቢያንስ እሱን መጠርጠሬ አልተሳሳተም።

ጋሽ ዘርትሁን አሰግድን አስነሳው። «ይህን አሠራር ማን ነገረህ?»

«ራሴ ነኝ።»

«ዩሪያውንስ?»

«ጥራጊ ገዝቼ።»

«ወረቀቱ ግን ሰርቀሃል ይላል» አለና የእኔን ፊርማ ከፍ አድርጎ አሳየ።

አሰግድ ወደ እኔ አልዞረም። እኔም ተቀምጬ አሰብኩ። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ማሚቱ አትናገርም፤ እሱም አይናገርም። ቁልፌ በእጄ ይቆያል፤ አጥርታ የምትሠራ ሴት ይሉኛል። እሱ ይታሰራል። የምስራች ደግሞ አራት ሰዓት ላይ መጥቼ እናገራለሁ ብላለች፤ መኪናዋን ያልገደለ ጥፋቷን ይዛ፣ ገደልኳት ብላ ልትቆም። ሰዓቱን አየሁ። ለአራት ሩብ ጉዳይ። ከእኔ በፊት ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ሲታሰር ፊታቸውን ያዞሩት ወንድሞቹ ታወሱኝ። አሥራ አራት ዓመት ስሰድባቸው ኖሬያለሁ።

ተነሳሁ። «መኪናዋን የገደላት ዳፕ ነው። መካኒኩ ሲናገር ሰምቻለሁ። ዳፑን ከዩሪያው ጋር ያስደባለቅኩት እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሆነው።»

«ለምን?» አለ ጋሽ ዘርትሁን።

«ጆንያ ይቀደዳል ብዬ።»

«ሲቀደድ አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«በወረቀትሽ ላይ ግን በዓይኔ አየሁ ይላል።»

«ያየሁት ቀዝቃዛ ጀሪካን ነው። ሲሰርቅ አላየሁም።»

ጋሽ ዘርትሁን መነጽሩን አወለቀ። «እሺ፤ ስታስደባልቂ ማንን ጠርጥረሽ ነው? ጫኞቹን ነው? ማሚቱን?»

በግድግዳው ጥግ የተደረደሩትን አየኋቸው። ሁሉንም በእጄ አውቃቸዋለሁ፤ የማን ኪስ ቀዳዳ እንደሆነ፣ ማን ጉያው ውስጥ ክታብ እንደሚያስር አውቃለሁ። «ሁላችሁንም» አልኩ።

አንደኛው ጫኝ ብቻ ጉሮሮውን ጠረገ።

የምስራች ስትገባ ነገሩ ተጋምሶ ነበር፤ እሷም ድርሻዋን ተናገረች። ኮሚቴው አሰግድ ሥራው ላይ እንዲቆይ፣ አቶ ፊሊጶስ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጥ፣ ሙሽሪትም አዲስ ካታሊስት እስኪመጣላት እንድትቆም ወሰነ። ሰው ሲበተን ጋሽ ዘርትሁን ወረቀቴን ይዞ መጣ። «ይህን ምን ላድርገው?»

«ስጠኝ» አልኩት። አጥፌ ከቁልፉ ጋር ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። አሰግድን ይቅርታ ልለው ፈልጌ ዞር ስል ወጥቷል።

እሑድ ቀጠሮው ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ደጅ አላስቆምኳቸውም። ቤቱን ከማለዳ ጀምሬ ሳሰናዳ ነው የዋልኩት። «ግቡ፤ ተቀመጡ። አጣርቻለሁ። ልጄን ሰጥቻለሁ» አልኩ በአንድ ትንፋሽ።

ተቀመጡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጣራውን ማየት ጀመሩ። ጋሽ ዘርትሁን ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አዟዟረ። «እግዜር ይስጥሽ አፀደ። ልጁ ግን... አንድ መልእክት ልኮናል።»

«ምን መልእክት?»

«እኔም አጣርቼ ይላል።»

«ማንን? የምስራችን?» ከመቀመጫዬ ተነሳሁ።

«የምስራችን አይደለም። አንቺን ነው። አማት እናት ናት፤ ዕድሜ ልኬን በሷ ዓይን ሥር ልኖር ነውና ሰው ጠይቄ ላጣራ፣ አንድ ሳምንት ስጡኝ ብሏል። በሽምግልና ዘመኔ እንዲህ ያለ መልእክት ይዤ አላውቅም፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ አፍሬ ነው የመጣሁት።»

ደሜ ፈላ። ሰው ሲጠረጥረኝ እንዴት እንደምሆን ነግሬያችኋለሁ። ማን ሆኖ ነው እኔን የሚያጣራ? ልል የነበረውን ሁሉ አዘጋጅቼ አፌን ስከፍት የምስራች ከጓዳ «ይገባዋል» ስትል ሰማኋት። ጮክ አላለችም፤ ብቻ ተሰማ።

«ያጣራ» አልኩና ተቀመጥኩ።

ያ ሳምንት አላልፍ አለኝ። ማንን ይጠይቅ ይሆን? ጫኞቹን ቢጠይቅ ቦት ጫማቸውን በየቀኑ ያስወለቅኳቸው ናቸው። ዘበኛውን ቢጠይቅ ልጁ ታሞበት ሲጣደፍ እንኳ ሳልፈትሽ ያላሳለፍኩት ነው። ሐሰት ይወራብኛል ብዬ የምፈራ ሰው አይደለሁም፤ የሚሉት ሁሉ እውነት መሆኑ ነው ያስፈራኝ። ከሁሉም በላይ ማሚቱን ፈራኋት። ሰኞ ጠዋት «ከዛሬ ጀምሮ ነጩንና ግራጫውን ለየብቻ ጥረጊው» አልኳት። «እሺ አዴ» ብላ ሄደች፤ ደስ አላት ወይስ ከፋት፣ ከፊቷ ማንበብ አልቻልኩም። ከገበያ አንድ ሻሽ ልግዛላት ብዬም አሰብኩ። ወዲያው ጉቦ ነው አልኩና ተውኩት። ራሴንም መጠርጠር ጀምሬ ነበር።

ፍተሻውንም ከዚያው ሰኞ ጀምሮ አቁሜያለሁ። አቆምኩ ብዬ ግን ለማንም አልተናገርኩም፤ ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለኝ። በመዝጊያ ሰዓት ቢሮ ውስጥ ሥራ አበዛና ሰዉ ከወጣ በኋላ እዘጋለሁ።

ሐሙስ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። አመሻሹ ላይ መጋዘን ገባሁ። ሌሎቹ ወጥተዋል። ወለሉ ላይ ሁለት ትንንሽ ክምሮች አሉ፤ ነጩ ለብቻው፣ ግራጫው ለብቻው። ማሚቱ የመጨረሻውን ጥግ ትጠርጋለች።

«ማሚቱ፣ አሰግድ መጥቶ ነበር?»

«መጥቷል።»

«ስለ እኔ ጠየቀሽ?»

«ጠየቀኝ፣ አዴ።»

«ምን አልሽው?»

መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። እጇን በሻሿ ጫፍ ጠረገችና ቀስ ብላ ወደ እኔ መጣች። ልትነግረኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር። ማሚቱ በሩ ላይ ደረሰች፣ እንደ ሁልጊዜው ፊቷን ወደ እኔ አዞረችና ሁለት እጇን ዘረጋች።

እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።